ከብቱ የት ያድራል?

(ስለ ባዮጋዝና ስለ ቆላው ገበሬ ኑሮ፣ ሳንጃ ላይ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር)



ዛሬ የምናገረው ስለ እበት፣ ስለ ውኃና ስለ ምድጃ ነው። የከብት እበት በውኃ ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ደግሞ መሬት ያለማል። ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ደጋ ዘመድ ያላችሁም በዓይናችሁ አይታችሁት ይሆናል። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህ ነገር ለቆላው ገበሬ ቤት ምን እንደሚያመጣ፣ ምን እንደማያመጣና ከቤተሰቡ ምን እንደሚጠይቅ ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ባዮጋዝ በዚህ ምድር ይሠራል፤ እንዲያውም ከደጋው በተሻለ ይሠራል። ነገር ግን እንጨት ለቀማን ጨርሶ የሚያስቀር ተብሎ ለገበሬው ከቀረበ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ለቆላው ገበሬ ትልቁ ጥቅም ያለው ከእሳቱ ይልቅ በዝቃጩ ውስጥ ነው። ዝቃጩም ጋዙም የሚገኙት ከብቱ ማታ ማታ ቤት የሚያድር ከሆነ ብቻ ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ ወደዚህ የሚመለስ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የባዮጋዝ ጉድጓድ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አምቦ ላይ፣ በግብርና ትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቦታው፣ አንዱ ፕሮጀክት በአንድ ዓይነት ንድፍ፣ ሌላው በሌላ እየሠራ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለብሔራዊ ፕሮግራም ዝግጅት ጥናት ሲደረግ፣ እስከዚያ ከተሠሩት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ሥራ አቁመው ተገኙ። ምክንያቱ የተወሳሰበ አልነበረም፤ የሚከታተል ሰው አልነበረም፣ ውኃ ራቀ፣ ከብት ተሸጠ ወይም አለቀ፣ ባለቤቱ ቀዬውን ለቀቀ። ከጥናቱ በኋላ በኔዘርላንድሱ ድርጅት በኤስ.ኤን.ቪ. ድጋፍ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ተጀመረ። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ 14,000 የቤተሰብ ጉድጓዶች ለመሥራት ታቅዶ ከ8,000 ጥቂት የዘለሉት ተሠሩ። እቅዱ አልሞላም። ሆኖም ከዚያ በፊት በሃምሳ ዓመት ያልተሠራው በአምስት ዓመት ተሠርቷልና ሥራውን አናሳንሰውም። በኋላም የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጨምሮበት ፕሮግራሙ ቀጥሏል።

የተመረጠው ንድፍ «ስንዱ» ይባላል። መሠረቱ ኔፓል ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተፈተነ ጉልላታማ ጉድጓድ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚያወጣው ገበሬ ግንበኛው ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ አለበት። መጀመሪያ ክብ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ዙሪያውም በድንጋይ ወይም በጡብ ይገነባል። ከዚያ ግንበኛው ውስጡን መልሶ በአፈር ይሞላና አፈሩን እንደ ጉልላት አድርጎ ያለሰልሰዋል። ኮንክሪቱ የሚፈስሰው በዚያ አፈር ላይ ነው። ኮንክሪቱ ሲደርቅ አፈሩ በመውጫው በኩል በአካፋ እየተዛቀ ይወጣል፤ ጉልላቱም ባዶውን ይቆማል። ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የጉልላቱ ውስጥ ደጋግሞ ይለሰናል፣ ጋዝ እንዳያሾልክም በቀለም የተለወሰ ሲሚንቶ ይቀባል። ከላይ አይታይም፤ እዚያ ላይ የተቆጠበ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ግን ቤተሰቡን ዕድሜ ልክ ጋዝ ያሳጣዋል። ስለዚህ ባለቤቱ ልስኑ ሲለሰን ቆሞ ይይ፤ ይህን መጠየቅ መብቱ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ በእበትና በውኃ ይሞላል። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አይነድም፤ ተለቅቆ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከግማሽ በላዩ ሚቴን ስለሆነ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል፤ ጭስም የለው፣ ድስትም አያጠቁር።

ቆላው ከደጋው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። እበቱን የሚያብላሉት ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ሙቀት ይወዳሉ፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሥራቸው ይሰምራል። ደጋ ላይ በክረምት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ይቀንሳል፤ ሴቲቱም ቁልፉን ከፍታ ነበልባሉ ሲያንስባት ወደ ኩበቷ ትመለሳለች። እኛ ዘንድ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት መተማ ላይ ቀኑ እስከ 43 ዲግሪ ይግላል። ሌላ ጊዜ የምናማርረው ሙቀት ጉድጓዱ ውስጥ ለእኛ ይሠራል፤ እበቱ ቶሎ ይብላላል፣ ጋዙም ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም።

እንግዲህ ሙቀቱ ካለ ጋዙ ምን ያህል ነው? ሒሳቡን እዚሁ አብረን እንሥራው። አንድ ኪሎ እርጥብ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ትንሹ ጉድጓድ በቀን 20 ኪሎ እበትና 20 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ይህም 800 ሊትር ጋዝ ነው። አንድ የባዮጋዝ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ በቀን የሁለት ሰዓት እሳት አገኛችሁ ማለት ነው። በዚህ ሽሮው ይሠራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ለልጅ ወተት ይሞቃል። ለእናቶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማለዳ ተነሥቶ እንጨት ሳይፈልጡ፣ ዓይን በጭስ ሳይለበለብ ቡና ማፍላት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያፈላው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ ሞቷል። በየጎጆው የሚያስለው ሕፃንና ዓይኗ የፈዘዘው አሮጊት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው።

እንጀራው ግን ይቀራል። ይህን ደብቆ ባዮጋዝ የሚሸጥ ሰው ገበሬውን እያታለለው ነው። በአገራችን ቤት ለምግብ ማብሰያ ከሚውለው ማገዶ ግማሹንና ከዚያም በላይ የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ነው። ምጣድ ሰፊ ነው፤ እሳቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል መድረስ አለበት። የባዮጋዝ ምጣድ ለመሥራት በአገራችን ተደጋግሞ ተሞክሯል፤ ምጣዱ ይጋግራል፤ ነገር ግን ከትንሽ ጉድጓድ የሚወጣውን ጋዝ ቶሎ ይጨርሰዋል። ብዙ ከብት ያለውና ሰፊ ጉድጓድ የሠራ ካልሆነ በቀር እንጀራው ከእንጨት አይላቀቅም። ስለዚህ ባዮጋዝ ያስገባ ቤት ለምጣዱ «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ይጨምርበት። ያ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከጉድጓዱ ጋር አይወዳደርም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሴቲቱ የእንጨት ሸክም በእውነት ይቀላል፤ አንዱ ብቻውን ግን ግማሽ መንገድ ነው።

የዱሩንም ጉዳይ በዚሁ ላንሣ። ከዚህ እስከ ሽንፋና ጓንግ ወንዝ ያለው ዱር ሲሳሳ አይተናል። ዋልያ መቀር፣ እጣን የሚሰጠን ዛፍ፣ ድሮ ከነበረበት ብዙ ቦታ ጠፍቷል። ለዚህ ግን የእናቶችን የምድጃ እንጨት ተጠያቂ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዱሩን በዋናነት ያጠፋው ለሰሊጥና ለጥጥ የተመነጠረው መሬት፣ የሰፈራው ብዛት፣ በየዓመቱ የሚለቀቀው እሳትና ለከተማ የሚጫነው ከሰል ነው። ባዮጋዝ ከእነዚህ አንዱንም አያቆምም፤ ሊያቆም የሚችለው ሕግና ሕጉን የሚያስከብር ቀበሌ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ዝቃጩ ልግባ። በደጋው እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ መሬቱም ይራባል። በእኛ ቆላ ኩበት ማንደድ ልማድ አይደለም፤ እንጨት ስለነበረ። ይሁን እንጂ እበቱ መሬት አይደርስም። ዱር ላይ ይቀራል፣ በረት ውስጥ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ዝናብ ያጥበዋል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ እበት ለእህል የሚጠቅመውን ናይትሮጅን ቀስ በቀስ ለአየር ይሰጣል። በጉድጓድ ውስጥ ያለፈው እበት ግን ናይትሮጅኑ አብዛኛው ይቀርለታል፤ ያውም ሥር ቶሎ ሊወስደው በሚችለው መልክ። በቀን 20 ኪሎ እበትና 20 ሊትር ውኃ የሚያስገባ ቤት በዓመት ከ14,000 ሊትር ያላነሰ ዝቃጭ ያስወጣል። ማዳበሪያ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ፣ ጂቡቲ ደርሶ፣ ተጭኖ እስከዚህ ሲመጣ ዋጋው የት እንደደረሰ የገዛችሁት ታውቃላችሁ። ይህኛው ግን ከግቢ አይወጣም።

ታዲያ ዝቃጩ የት ይፍሰስ? ለአሥርና ለሃያ ሄክታር የሰሊጥ ማሳ አይሆንም። ከባድ ነው፣ ውኃ ነው፣ ራቅ ብሎ አይጓጓዝም። ቦታው ጓሮ፣ ከቤት አጠገብ ያለች የማሽላ ማሳ፣ ወንዝ ዳር የተተከለ ማንጎና ሙዝ፣ የሽንኩርት መደብ ነው። በተለይ ለማሽላው አደራ እላችኋለሁ። አቀንጭራ የሚበረታው መሬት በደከመበት ቦታ ነው። በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጠው ይህ አረም የለማ መሬት አይመቸውም፤ ናይትሮጅን በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ዝቃጭ ብቻውን አቀንጭራን አያጠፋም፤ መንቀልም፣ ማሽላን ከሰሊጥ ጋር ማፈራረቅም ያስፈልጋል። ግን ከቤታቸው አጠገብ ያለችው ማሳ ዓመት ዓመት አቀንጭራ እየወረሳት የሚያዝኑ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። እነርሱ ጉድጓዱን ለጋዙ ሳይሆን ለዚያች ማሳ ሲሉ ቢሠሩት አያዝኑበትም።

ዝቃጩ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ጥላ ይደረግለት፣ ይሸፈን። አለዚያ ፀሐዩ ጉልበቱን ይወስደዋል፤ ዝንብም ይሰፍርበታል። ወባ ባለበት አገር ክፍት ጉድጓድ በግቢ መተው ደግሞ ጥፋት ነው።

አሁን የዲስኩሬን ርዕስ ላንሣ፦ ከብቱ የት ያድራል? ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ለቤተሰብ ያወጣው መስፈርት ቢያንስ አራት ከብት፣ ያውም ሌሊት በረት የሚያድሩ ይላል። አንድ የአገራችን ከብት ሌሊቱን በረት ካደረ አምስት ኪሎ ያህል እበት ይጥላል፤ የአራቱ ሃያ ኪሎ ይሆናል። በከብት ቁጥር ቆላው አይታማም። አርባና ሃምሳ ያለው ሰው አለ። ነገር ግን ያ ከብት ክረምት ሲገባ ከእርሻው ርቆ ይነዳል፤ እረኛውም አብሮት ዱር ያድራል። በጋ ሲሆን ውኃና ሣር ፍለጋ ይሄዳል። ሃምሳ ከብት ያለው ሰው ቤቱ ደጃፍ አንድ ባልዲ እበት ሊያጣ ይችላል። በአንጻሩ ሁለት በሬና ሁለት ላም ብቻ ያለው፣ ግን ቤቱ አጠገብ አስሮ የሚያደልብ ሰው ዓመቱን ሙሉ እበት አለው። ባዮጋዝ የባለብዙ ከብት ሳይሆን የባለበረት ነው። በረት ማሳደርና ከብት ማድለብ እየተለመደ በሄደ ቁጥር ባዮጋዙ ራሱን ችሎ ይከተላል፤ ያለ በረት ጉድጓድ ማስቆፈር ግን ሲሚንቶ መቅበር ነው።

ውኃውም እንዲሁ። እበት በገባ ቁጥር እኩል ውኃ ይገባል። ሃያ ሊትር አንድ ጀሪካን ነው። ቧንቧ ወይም የእጅ ፓምፕ ቅርብ ለሆነለት ምንም አይደለም። ነገር ግን በየካቲትና በመጋቢት ምንጩ ሲደርቅ፣ አንዲት ሴት ለመጠጥ ብቻ ሁለት ሰዓት የምትሄድበት ቀበሌ ውስጥ ተጨማሪ አንድ ጀሪካን ማለት ምን ማለት ነው? የእንጨት ሸክሟን ቀንሰን የውኃ ሸክም ጫንባት ማለት ነው። ስለዚህ ውኃ በሌለበት ባዮጋዝ አይሠራ። አጥብቄ ነው የምለው። መጀመሪያ ውኃው ይውጣ። የከብት ሽንት ተጠራቅሞ ውኃውን በከፊል ይተካል፤ የቤት እጣቢም ሳሙና ከሌለበት ይገባል፤ ግን ጉድጓዱ በዚያ ብቻ አይቆምም።

እዚህ ላይ አባወራዎችን አንድ ነገር ልጠይቅ። የሰሊጡ ገንዘብ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲገባ ጉድጓድ ለመሥራት የምትወስኑት አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ናችሁ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እበቱን የምትዝቀው፣ ውኃውን የምታመጣው፣ በእጇ የምትበጠብጠው፣ ገለባና ድንጋይ የምትለቅመው ሚስታችሁ ናት። ሳትጠየቅ የተሠራ ጉድጓድ ሳትፈልገው ይደርቃል። አስቀድማችሁ አብራችሁ ተማከሩ፤ የማለዳውንም ሥራ ተከፋፈሉት።

መጸዳጃ ቤትን ከጉድጓዱ ጋር ስለ ማገናኘት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ባለሙያዎቹ ይመክራሉ፤ ጋዝም ይጨምራል፣ ንጽሕናም ያመጣል። ብዙ ቤተሰብ ግን በዚያ ጋዝ የበሰለ ወጥ ለመብላት ኅሊናው አይፈቅድለትም። በእኔ እምነት ማንም ሊገደድ አይገባም። መጸዳጃው ለብቻው ይሠራ፤ ጉድጓዱ በእበት ብቻ ይኑር። ሰው የሚጸየፈውን ምድጃ አይጠቀምበትም።

ስለ ብልሽት ጥቂት ልበል። ብዙ ጉድጓድ «ሞተ» ተብሎ የሚተወው ሳይሞት ነው። ጋዙ ከጉድጓድ ሲወጣ እርጥበት ይዞ ይወጣል፤ እርጥበቱ ቱቦ ውስጥ ውኃ ሆኖ ይጠራቀማል። ያኔ ነበልባሉ ይንቀጠቀጣል፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። መፍትሔው በቱቦው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለችውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውኃውን መልቀቅ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ይህን ያልተነገራት ሴት ግን ጉድጓዱ ተበላሸ ብላ ትተወዋለች። የምድጃ ቁልፍ ሲሰበርም መለዋወጫ ፍለጋ ጎንደር ድረስ የሚሄድ የለም። ስለዚህ ሳንጃ ላይ፣ ገንዳ ውኃ ላይ፣ ሶሮቃ ላይ የሠለጠነ ግንበኛና ቁልፍና ቱቦ የሚሸጥ ሱቅ ከሌለ የጉድጓድ ቁጥር መደርደሩ ዋጋ የለውም። እዚህ ያላችሁ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ይህ ለእናንተ እንጀራ ነው። አንድ ነገር ግን በማንም ላይ አይድረስ፦ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ሰው አይግባ። ውስጡ የሚተነፈስ አየር የለም፤ የገባ ሰው ሳይጮህ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም ይከተለዋል።

ከቤተሰብ ጉድጓድ ወጣ ብለን ትልልቆቹን ጣቢያዎች ደግሞ እንይ፤ ነገ ባለሀብት ይዞ ሊመጣ ይችላልና። በጀርመን ከ9,000 በላይ የባዮጋዝ ጣቢያዎች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሕግ በእርሻ ላይ ሆን ተብሎ ለጋዝ ለሚመረት ሰብል ተጨማሪ ክፍያ ፈቀደ። ገበሬው በቆሎ ዘርቶ ለጋዝ ማቅረብ ጀመረ፤ በብዙ አካባቢ ማሳው ሁሉ በቆሎ ሆነ፣ የመሬት ኪራይ ናረ፣ ከብት የሚያረቡ ትንንሽ ገበሬዎች የሚከራዩት መሬት አጡ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ለአዳዲስ ጣቢያዎች የሚቀርበው በቆሎና እህል ከ60 በመቶ እንዳያልፍ ወሰነ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ለሰው ወይም ለከብት የሚሆን ማሽላ፣ አገዳውን ጨምሮ፣ የከብቱ መኖ ፋጉሎም ወደ ጉድጓድ አይግባ። የሰሊጥና የጥጥ ጭራሮ እንኳ እንጨታም ስለሆነ በጉድጓድ ውስጥ እንደልብ አይብላላም።

ትልቅ ጣቢያ የሚገባው እበት በራሱ ወደሚከማችበት ቦታ ነው። ወደ ሱዳን የሚሻገረው ከብት የሚሰበሰብበትን የመተማን የከብት ገበያና ማቆያዎቹን አስቡ። ጎንደር ከተማ ያለውን ቄራም አስቡ። እዚያ እበቱ ሳይለቀም ተለቅሞ ይገኛል፤ ከዚያ የሚወጣውን ዝቃጭ ለከተማ ዳር አትክልተኛ መሸጥ ይቻላል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ሲታሰብ ግን ውሉ ላይ አንድ ነገር ይጻፍ፤ እበቱን የሚያቀርበው ገበሬ ዝቃጩን መልሶ ይውሰድ። እበቱ ተሰብስቦ ሄዶ ዝቃጩ ካልተመለሰ የገበሬው መሬት ለምነቱን ለከተማ ሰጥቶ ባዶውን ቀረ ማለት ነው።

የወረዳ ኃላፊዎች፣ እናንተን የምለምነው ይህን ነው፦ የሠራችሁትን ብዛት ለሪፖርት ከመቁጠር ይልቅ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚነድደውን ቁጠሩ። በዚያ ቁጥር ተመዘኑ።

እናንተ ገበሬዎች ደግሞ ለግንበኛ አንድ ብር ሳትከፍሉ ይህን አድርጉ። ከብታችሁን አንድ ወር በረት አሳድሩ። በየማለዳው እበቱን በባልዲ ለኩ፤ ውኃውንም ከየት እንደምታመጡ፣ ማን እንደሚያመጣው ተነጋገሩ። በቀን ሃያ ኪሎ ከሞላና ውኃው ቅርብ ከሆነ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሂዱና ጉድጓዱ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ካልሞላ ገንዘባችሁን ለምርጥ ምድጃና ለበረቱ አውሉት፤ ጉድጓዱ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል።